የቃለሕይወት ጣቶች

ዮፍታሔ ሰነፍ ሙዚቀኛ አይወድም። እሱ ራሱ ድምፃዊ ነው፤ ከማይክ የከበደ ነገር በእጁ ይዞ አያውቅም። ቢሆንም ሰው ሲለፋ ማየት ነፍሱ ነው።

ቅዳሜ ልደታ ውስጥ አንድ አዳራሽ ላይ የሚመራው ባንድ ዝግጅት አለው። አቶ ደጉ የሚባሉ የሆቴል ባለቤት መጥተው ያዩዋቸዋል። ከወደዷቸው ዓርብ ዓርብ በሆቴላቸው ቋሚ ሥራ ይሰጧቸዋል፤ ካልወደዷቸው ያው እንደ ልማዳቸው፣ ሠርግ ሲገኝ ሠርግ፣ ልደት ሲገኝ ልደት። ሰውየው ደግሞ ችኩል ናቸው። "የመጀመሪያዋን ዘፈን ሰምቼ እሄዳለሁ፤ እሷ ትበቃኛለች" ብለዋል።

ዘፈኖቹ አዲስ ስለሆኑ ዮፍታሔ ለሁሉም በቴሌግራም ላከና "እቤታችሁ አጥኗቸው፤ ረቡዕ ጌጃ ሰፈር እንለማመዳለን" አለ።

ረቡዕ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ቃለሕይወት አርፍዶ መጣ። የሱሪው ጫፍ ረጥቧል። ዮፍታሔ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የልጁን እጆች ሲያይ መልሶ ዘጋው። የግራም የቀኝም ጣቶቹ ከመታጠፊያቸው ላይ ውሃ ቋጥረዋል፤ አንዳንዱም ፈንድቶ ቀልቷል።

"ምን ሆነህ ነው?"

"ምንም አይደል ዮፍቲ፤ ነገሩ እንኳ..."

"ዝም በል! ገብቶኛል።" ዮፍታሔ የልጁን እጅ ይዞ ከፍ አደረገ። ወደ ሌሎቹም ዞረ። "አያችሁ? ሰው ማለት እንዲህ ነው የሚያጠና! እስቲ እናንተ እጃችሁን አሳዩኝ!"

ድራመሩ ባጫ እጁን ዘረጋ። ምንም አልነበረበትም።

"ታዲያ ቅዳሜ በምን ጣቱ ሊጫወት ነው?" አለ ባጫ። "የአክስቴ ልጅ ቤዝ ይጫወታል፤ ለማንኛውም ልጥራው እንዴ?"

ዮፍታሔ ነገሩ ወዲያው ሸተተው። ባጫ ይህን የአክስቱን ልጅ ባንዱ ውስጥ ለመሰግሰግ ሲዞር ከርሟል።

"አታፍርም? በሰው ቁስል ዘመድህን ልታስገባ?"

"የመጀመሪያዋን ዘፈን አንድ ጊዜ እንኳ ብንሞክራት..." አለ ቃለሕይወት። የጊታሩ ቦርሳ ዚፕ እምቢ ብሎት እየታገለ ነው።

"ኧረ ተው፣ እጅህን! ዘፈኖቹን ሰምተሃቸዋል አይደል?"

"አዎ፤ ስወጣ ስወርድ እሰማቸዋለሁ።"

"ሰማችሁ? ሲወጣ ሲወርድ!" አለ ዮፍታሔ፤ ባጫን እያየ።

ከዚያ በኋላ ዮፍታሔ ሐኪም ሆነ። አብነት ሰፈር ሄዶ ከፋርማሲ ቅባትና ፕላስተር ገዛ። እናቱ "በጨው ውሃ ይዘፍዝፈው" አሉት። አንድ ጓደኛው ደግሞ ጊታሪስቶች ቁስሉን በሱፐር ግሉ እንደሚደፍኑት ማለለት። ሐሙስ ሁሉንም ይዞ ቃለሕይወት ወደሚኖርበት ኮንዶሚኒየም ሄደ። ደረጃው ረጥቦ ሊጥለው ምንም አልቀረው፤ የወለወለውን ሰው እየረገመ አራተኛ ፎቅ ደረሰ። ጎረቤቲቱ እትዬ ወለተሰንበት ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል።

"ቃልዬን ነው? አሁን ይመጣል። እንዴት ያለ ልጅ መሰለህ! ኮሽታ እንኳ አንሰማም ከቤቱ።"

"በኢርፎን እየተለማመደ ነው፤ እናንተን እንዳይረብሽ ብሎ" አለ ዮፍታሔ በኩራት።

"ይባረክ!" አሉ እትዬ።

ቃለሕይወት እያለከለከ ደረጃውን ወጣ። ዮፍታሔ ልጁ ስፖርትም እንደሚሠራ ሲያይ ይበልጥ ወደደው። ከበሩ ጀርባ ከተደረደሩት ጀሪካኖች ካንዱ ውሃ ቀድቶ አሞቀና ጨው ጨምሮ የልጁን ጣቶች ዘፈዘፈ። ሱፐር ግሉው ግን ጉድ ሠራቸው፤ ሁለት ጣቱን አጣብቆበት በዘይት እያሹ እስኪያላቅቁት መከራቸውን በሉ።

"እስከ ቅዳሜ ክር እንዳትነካ። ትእዛዝ ነው!"

"ዮፍቲ፣ እስቲ ስማኝ፣ እኔ እኮ..."

"ትሕትናው ይብቃህ!"

ወደ ቤቱ ሲመለስ ታክሲ ውስጥ ሆዱ ባባ። እንዲህ የለፋ ሰው እንደ ሁልጊዜው ከኋላ ተደብቆ ሊቆም? አይሆንም! የመጀመሪያዋን ዘፈን መግቢያ እዚያው ቀየረው። ማንም ሳይከተለው፣ ቤዝ ብቻውን ይጀምራል። ለልጁ ግን አልነገረውም፤ ድንገት ደስ እንዲለው ፈለገ።

ቅዳሜ ደረሰ። ጣቶቹ ደርቀዋል፤ ዮፍታሔ አገላብጦ አይቶ ፈጣሪውን አመሰገነ። ባጫ ግን ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፤ የአክስቱን ልጅ ከነጊታሩ ይዞት መጣ።

"ዘፈኖቹን አንድ በአንድ አጥንቻቸዋለሁ" አለ የአክስቱ ልጅ።

ዮፍታሔ ደሙ ፈላ። ከበር መለሰው።

አዳራሹ ባልተጠበቀ ሰው ሞላ። ነጠላ የለበሱ እናቶች፣ ከዘራ የያዙ አዛውንቶች፣ ሁሉም "ቃልዬ! ቃልዬ!" ይላሉ። አቶ ደጉ ሰዓታቸውን ማየት ተዉ።

"ይህ ልጅ ሰው አለው እኮ!" አሉ ተገርመው።

መድረክ ሊወጡ ሲሉ ዮፍታሔ ቃለሕይወትን አቀፈው።

"መግቢያውን ላንተ ሰጥቼሃለሁ። ብቻህን፣ የፈለግከውን ያህል ተጫወትበት!"

"ብቻዬን?" የቃለሕይወት ፊት አመድ መሰለ።

"ይገባሃል!" አለው ዮፍታሔ፤ በደስታ የደነገጠ መስሎት።

መብራቱ ጠፍቶ አንዱ ብቻ በቃለሕይወት ላይ በራ። ዮፍታሔ ተራው እስኪደርስ ከመድረኩ ወርዶ ከአቶ ደጉ አጠገብ ቁጭ አለ። ከኋላቸው የተቀመጡት እትዬ ወለተሰንበት እልል ብለው ትከሻውን ያዝ አደረጉት።

"የውሃው ፓምፕ ከተበላሸ ጀምሮ የፎቁን ሰው ሁሉ ውሃ በጀሪካን ተሸክሞ ያወጣልን እሱ ነው፤ ጣቱ እስኪላጥ ድረስ! ያን ጊታሩን ለመንካት አንድ ቀን እንኳ ፋታ አላገኘም፤ ዛሬ ገና ሊነካው ነው ብለን ነው ነቅለን የመጣን።"