ስክሪኑን ማን አጠፋው?

"አሁንስ ማን አጠፋው?!"

የኪቦርዱ ኳኳታ ቀጥ አለ...

መምህርቷ ለአካል ጉዳተኛ የኮሌጅ ተማሪዎች መሠረታዊ ኮምፒውተር ማስተማር ከጀመረች ገና ሁለተኛ ሳምንቷ ነው።

ጓደኞቹ "ዝምተኛው" የሚሉት ማየት የተሳነው ተማሪ እጁን አወጣ።

"እኔ ነኝ ቲቸር።"

ለእሱማ ኮምፒውተሩ በጆሮ ማዳመጫ ያነብለታል። እሷ ግን ሥራውን ለማረም ማየት አለባት!

አበራችው።

ዞር ከማለቷ... ጠፋ።

በማግስቱ ኮቴዋን አጥፍታ መጥታ ቀስ ብላ አበራችው። ትንሽ ቆይቶ እጁን ሰደደና... ድርግም!

ግራ ገባት። የማያይ ሰው ስክሪኑ መብራቱን በምን አወቀ?

"ያያል እንዴ? ወይስ እኔን ነው የሚያሾፍብኝ?"

ሳምንቱን ሙሉ ስትብሰለሰል ከርማ በመጨረሻ አላስቻላትም። የኮሌጁ ኃላፊ ቢሮ ገባች።

"ጋሼ፣ ይሄ ልጅ የሚያይ ይመስለኛል።"

ኃላፊው መነጽራቸውን አወለቁ።

"የተናገርሽው ቀላል ነገር አይደለም። እውነት ከሆነ አታሎ ነው የገባው፤ ከኮሌጁ ይባረራል። እርግጠኛ ነሽ?"

"በዓይኔ አይቼ!"

ተያይዘው መጡ። ኃላፊው ራሳቸው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ስክሪኑን አበሩት...

ዝምተኛው መዳፉን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ። ሞቅ ሲለው አጠፋው።

መምህርቷ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች!

"በ... በሙቀቱ ነው የምታውቀው?"

"አዎ ቲቸር።"

"ታዲያ ብርሃኑ አንተን ምን አደረገህ?"

ፊቱን ወደ ኪቦርዱ መለሰ። እሷ ደግሞ ይባስ ግራ ገባት።

የመለሰችው አጠገቡ ያለችው ልጅ ናት። ትንሽ ትንሽ የምታየዋ፣ ፊደሉን አግዝፋ የምትጽፈዋ፣ ራሴን አመመኝ እያለች ከክፍል ቀድማ የምትወጣዋ...

"ብርሃን ዓይኔን ይወጋኛል ቲቸር። የራሴን ብርሃኑን ቀንሼ ነው የምሠራው፤ የእሱ ስክሪን ከበራ ግን መሥራት አልችልም። አስቸጋሪ ናት እንዳልባል፣ እንዳይናገር ለምኜው ነው።"

መምህርቷ ወደ ልጁ ዞረች። "ልትባረር እኮ ነበር! እንዴት ዝም ትላለህ?"

"ምስጢሩ የእሷ ነዋ ቲቸር።"

ልጅቷ አቀርቅራ ጨመረች።

"እርስዎም ሁልጊዜ 'ማን አጠፋው' ነው የሚሉት። አንድ ቀን 'ለምን' ቢሉ፣ እኔው እነግርዎት ነበር..."

መምህርቷ እንባዋ መጣ።

ዓይን ያላት እሷ፤ የልጅቷን ሕመም ያየላት ግን እሱ!

ወገኖቼ፣ ያልገባን ነገር ሁሉ ተንኮል አይደለም። ሰው ላይ ከመፍረዳችን በፊት ቁጭ ብለን እንጠይቀው።

እስቲ እናንተ... "ለምን" ሳትሉ የፈረዳችሁበት፣ ዛሬ ብታገኙት ይቅርታ የምትጠይቁት ሰው ማነው? ከታች ጻፉልኝ 👇