ተነሺ

“እንደምን ዋሉ እትዬ?” ትላለች ናዝሬት። አጠራሯ እንከን የለውም።

አክስቴ እታገኝ ፊታቸውን ከመስኮቱ መልሰው ያዩዋታል። “እግዜር ይመስገን” ይላሉ ፈገግ ብለው። “አንቺስ እንደምን ዋልሽ?”

ናዝሬት ክንዴን ጭምቅ አድርጋ ትይዘኛለች። ትናንት በእንግሊዝኛ ስታናግራቸው ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫቸው ስበው ዝም ብለዋት ነበር። ዛሬ መለሱላት። እናቷ ናቸው። ማታ ወደ ለንደን ፍላይት አላት፤ ሐኪሙ ደግሞ በሚቀጥለው ስትመጪ ምናልባት ጨርሶ አይናገሩም ብሏታል። ስለዚህ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመሄዷ በፊት እናቷ አንዴ እንዲያውቋት።

አክስቴ ወደ እኔ ዞር ይላሉ። እኔን አይረሱኝም፤ በየእሑዱ ከቸርች ስወጣ እመጣለሁ። “አንተ ናዖድ፣ ከየት አገኘሃት? ጨዋ ትመስላለች። ወጥ ትችላለች?”

ያኔ ነው የሚገባኝ፤ የቤት ሠራተኛ ያመጣሁላቸው መስሏቸዋል። እዚህ ካሊፎርኒያ ውስጥ እኔ ከምኖርበት ከፍሩትቬል አክስቴ እስካሉበት እስከ ሳን ሆዜ ድረስ ትራፊክ ይዞን ስትለማመድ ሰምቻታለሁ፤ እንዴት ጥሩ ትናገራለች እያልኩ ነበር የምነዳው። እኔም አክስቴን እርስዎ ስለምላቸው ጆሮዬ ምንም አላስጠነቀቀኝም።

ናዝሬት ተዋናይ ናት፤ ለንደን ተወልዳ ያደገች፤ አክስቴ ወደ አሜሪካ የመጡት እሷ ካደገች በኋላ ነው። በቴሌቪዥን ለዓመታት ነርስ ሆናለች። ልጇ የተገደለባት እናት ሆናለች። አንድ ጊዜም ከወንዝ የወጣች ሬሳ ሆና ቀኑን ሙሉ ጭቃ ላይ ተጋድማ ውላለች። አምና ግን ሕዝብ ቆሞ ያጨበጨበላት በቲያትር ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሀብታም ቤት የምታገለግል ሠራተኛ ሆና። አማርኛውን ያስጠኗት ለዚያ ነው። ያላትም አማርኛ እሱ ብቻ ነው። አቤት እትዬ። እሺ እትዬ። ይቅር ይበሉኝ እትዬ።

ከዚያ በፊት ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልነበራትም። አክስቴ ልጃቸው ትምህርት ቤት እንዳይሳቅባት ብለው ቤት ውስጥ ከእንግሊዝኛ ሌላ አይናገሩም ነበር። ልጅቷን ለመድረክ ያበቃት ያ እንግሊዝኛ ነው፤ የመርሳት በሽታው ሲመጣ ከአክስቴ መጀመሪያ የወሰደባቸውም እሱን ነው። ማንን እንደምወቅስ ብዙ አስቤ ሰው አጥቻለሁ።

“ምን አለች?” ትለኛለች ናዝሬት። እኔና እሷ የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነው።

“ጨዋ ትመስላለች አለች።”

“ስለ እኔ?”

“ስላንቺ።”

ውሸት አይደለም። ግን በዚያ መተው አልሆነልኝም። “ማን እንደሆንሽ ንገሪያት” እላታለሁ። “እማዬ በያት። እማዬ፣ እኔ ናዝሬት ነኝ፣ ልጅሽ።”

ዓይኗን ጨፍና ቃሉን በከንፈሯ ብቻ ትለዋለች። ከዚያ ወንበሯን ወደ አልጋው ታስጠጋለች። “እማዬ፣ እኔ ናዝሬት ነኝ፣ ልጅዎ።”

ሳታስበው ነው ያመለጣት። አፏ የለመደው እሱን ነው።

“ናዝሬት ነው አገርሽ?” ይላሉ አክስቴ። “እዚያ እኮ ሙቀቱ አይጣል ነው። እኔ እንኳ የሰላሌ ልጅ መስለሽኝ።”

“ልጅሽ በያት፣ ልጅዎ ሳይሆን” እላታለሁ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ።

“ልጅሽ” ትላለች ቶሎ። “ልጅሽ ነኝ። አንቺ እናቴ።”

የአክስቴ ቅንድብ ወደ ላይ ይወጣል። ቀስ ብለው ከእግር እስከ ራሷ ያዩዋትና ወደ እኔ ይዞራሉ። “አንቺ አለችኝ። ገና ሳትገባ?”

“አክስቴ፣ እሷ እኮ ልጅዎ ናት። የእርስዎ ናዝሬት።”

“ተው አትቀልድብኝ። የእኔ ናዝሬት አማርኛ አትችልም።”

አክስቴ ልክ ናቸው።

ናዝሬት አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን ታያለች። አክስቴ ፊቷን አይተው አዘኑላት መሰለኝ፣ እጃቸውን ዘርግተው ጉንጯን ይነካሉ። “ግድ የለም፤ ቀስ እያልሽ ትለምጃለሽ። እኔ ቤት የምትሠራ ሰው አልበድልም። እንደ ልጄ ነው የማይሽ።”

ናዝሬት ወደ እኔ ትዞራለች። ዓይኖቿ ይሞላሉ። “ልጄ አለችኝ” ትለኛለች። “ልጄ አለች፣ አይደል? ሰምተሃል።”

“እንደ” የምትለዋን ቃል አታውቃትም። በቲያትሩ ውስጥ አልነበረችም ማለት ነው።

ሰምቻለሁ። ዝም ብል ይህን ይዛ አውሮፕላን ትሳፈራለች፤ በኋላም ለሰው ታወራዋለች። ብነግራት ደግሞ እውነቱን ይዛ ትሳፈራለች። እኩል አድርጌ ልመዝናቸው እሞክራለሁ፤ አንዱም አይነሳልኝም። ጭንቅላቴን መነቅነቅ እጀምራለሁ፣ አዎ ልላት።

“ልጄ እንግሊዝ አገር ናት” ይላሉ አክስቴ፣ እጃቸው ገና ጉንጯ ላይ እንዳለ። “ቲያትር ነው የምትሠራው። ዛሬ ትመጣለች። ተነሺ እስቲ፣ ወንበሩን ልቀቂላት።”

ይቺን ቃል ታውቃታለች። መድረክ ላይ በየምሽቱ ተብላለች። ተነሺ።

እግሮቿ ከሐሳቧ ይቀድማሉ። ተነስታ ሁለት እጆቿን ሆዷ ላይ ታጣምራለች፣ አንገቷን ትሰብራለች። “እሺ እትዬ” ትላለች ጥርት ባለ አማርኛ። ከዚያ ቀና ብላ ታየኛለች፤ ጭንቅላቴ መነቅነቁን አቁሟል።

አክስቴ ከአልጋው ጎንበስ ብለው የወንበሩን መቀመጫ በሹራባቸው እጅጌ ይጠርጉታል፣ እሷ ተቀምጣበት የነበረውን ሙቅ ቦታ። ከዚያ ትራሳቸውን ተደግፈው ፊታቸውን ወደ በሩ ያዞራሉ።