መርዶ ተቀባዩ

«እዚህ መስመር ላይ ማንን ልጻፍ?» ይላል ትሬንት፣ እስክሪብቶውን እያርገፈገፈ።

ሳጅን ዳርላ ወንበሩን በእግሯ ስባ ትቀመጣለች። በወር አንዴ፣ ቅዳሜና እሁድ፣ በተጠባባቂው ጦር የእሱ አለቃ ናት፤ ሌላውን ቀን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች። በሚኖሩባት ትንሽ የአዮዋ ከተማ አውቶቡሷ ላይ በጥብጦ በእግሩ ቤቱ ያልገባ ልጅ የለም ይባላል፤ ሲባል ነው እንግዲህ።

ትሬንትም እንደሷ ነው፤ ወሩን ሙሉ ኮሌጅ ይማራል፣ ሁለት ቀን ወታደር ይሆናል። ግንቦት ሲመረቅ መኮንን ሊያደርጉት ነው። ጦሩ ግን ሐሙስ ባሕር ማዶ ሊዘምት ነው፣ ላንድ ዓመት። እጩ መኮንን ደግሞ ትምህርቱን ሳይጨርስ አይዘምትም። እና እነሱ ሻንጣ ሲሸክፉ፣ እሱን ጠረጴዛ ሰጥተው ፎርም አስሞላ አሉት።

ደረት ኪሱ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አለ። መኮንንነቱን ትቻለሁ፣ እንደ ተራ ወታደር ከጓደኞቼ ጋር ልሂድ ይላል። ሻምበሉ እስከ ምሳ ከተቀበለው፣ ሐሙስ ሄደ ማለት ነው። ለእናቱ እንኳ ትንፍሽ አላለም።

«ጻፍ እንጂ ፕሮፌሰር፣ ሰው ተሰልፏል» ትላለች ዳርላ።

«እርስዎ አንድ ነገር ቢሆኑ ለማን ይነገር ነው የሚለው።»

«ይኸው፣ ገና ሳልነሳ ገደልከኝ።»

«እናትዎን ልጻፍ?»

ሳቋ ይጠፋል። «እሷን እንዳትጽፍ። አምና ስልክ ሲጮህ ደንግጣ ሆስፒታል የገባች ሴትዮ ናት። ወታደር በሯ ላይ ቆሞ ካየች አለቀላት።»

ፎርሙ ለዚህም ቦታ አለው፤ በቀጥታ የማይነገረው ማን ነው፣ በምትኩስ ለማን ይነገር ይላል።

«ለወንድምዎ ታዲያ?»

«ለኧርል? እሱማ ጠጥቶ በስልክ ነው የሚነግራት።» ፎርሙን ወደሱ ትገፋለች። «አንተን ጻፍ።»

«እኔን?»

«ትወድሃለች። ለኛ ብላ ስትጋግር ኬኳን ደጋግሞ የሚበላላት አንተ ብቻ ነህ። አጠገቧ ትቀመጥና ቀስ ብለህ ትነግራታለህ። ደሞ ከዚህ ሁሉ ሰው፣ ተፈልጎ እዚህ የሚገኘው አንተ ነህ።»

እጁ ደረት ኪሱ ላይ ሄዶ ያርፋል። እኔም ልሄድ ነው ሊላት አፉን ይከፍታል። ዳርላ አይን አይኑን እያየችው ነው። ሁለት ዓመት አዝዛዋለች፣ ተቆጥታዋለች፤ ለምናው ግን አታውቅም።

ያጎነብስና ስሙን በትልልቁ ይጽፋል። የኮሌጅ መኝታ ክፍሉን ቁጥር፣ ስልኩን። ይህን የጻፈ ሰው የትም አይሄድም፤ የታጠፈው ወረቀት ኪሱ ውስጥ ይቀራል። ከኋላ የተሰለፉት ስለ ምሳው ይቀላለዳሉ።

«በየትኛው በር ነው የሚገቡት?» ይላል፣ ቀና ሳይል።

«የምን በር?»

«እናትዎ ቤት።»

«በጓሮ፣ በኩሽናው በር። በፊት ለፊት የሚያንኳኳ ባዳ ብቻ ነው።»

ፎርሙ ላይ በር የሚጻፍበት ቦታ የለም። ትሬንት ጠርዙ ላይ፣ በትንንሹ፣ «በጓሮ በር» ብሎ ይጽፋል።