የወይዘሮ የማርያምወርቅ ጠረን

“ቀስ በይ፣ ልጄ! ቀስ!” ይላሉ ወይዘሮ የማርያምወርቅ። ሀናን ግን ካርቶኑን ከፍታዋለች።

ሳሎኑ በአንዴ በሽቶ ይሞላል። ሮዙ ካርቶን ረጥቦ እንደ ገንፎ ላልቷል፤ እንዳማረበት የቀረው ሪባኑ ብቻ ነው። ብልቃጡ ከአንገቱ ተሰብሯል። ከፈሰሰው የተረፈው ሽቶ ብልቃጡ በተጠቀለለበት ፌስታል ሥር ተጠራቅሟል፤ ጥቂት ማንኪያ ቢሆን ነው።

“አለ፣ እትዬ! ተርፏል። ብርጭቆ ያምጡልኝ።”

ሀናን ሲ.ኤም.ሲ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ውስጥ ሽቶ ትቀምማለች፤ ለደንበኞቿ በየወሩ በሞተረኛ ትልካለች። አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። እሽጉን ፎቶ እያነሱ ስለሚለጥፉት በቅርቡ ወፍራሙን ካርቶን ትታ ይህን ስሱንና የሚያምረውን አሠራች። አንዲት የጉርድ ሾላ ደንበኛ “ተሰብሮ ደረሰኝ” ስትላት ይቅርታ ጠይቃ ሌላ ላከችላት፣ ረሳችውም። ወደዚህ፣ ከኮተቤ በላይ ወዳለው ሰፈር፣ መንገዱ ኮብልስቶንና ጉድጓድ ነው። ሞተረኛው ምን ያድርግ። ዛሬ ወይዘሮ የማርያምወርቅ “ካርቶኑ ረጥቦ ደረሰኝ” ብለው ሲደውሉላት ግን ራሷ ሮጣ መጣች።

ለወይዘሮ የማርያምወርቅ ግን በምትኩ የሚላክ ሌላ የለም። ከሙሽርነታቸው ጀምሮ የሚቀቡት ሽቶ መመረት ካቆመ ቆይቷል። ሀናን ባዶውን ጠርሙስ እያሸተተች፣ እያፈረሰች እንደገና እየቀመመች፣ በመጨረሻ ቁርጥ እሱን አደረገችላቸው። ዋናው ቅመም ከዱባይ ነው የሚመጣው። የቀራትን ሁሉ እዚህ ብልቃጥ ውስጥ ጨምራዋለች፤ ቀጣዩ መቼ እንደሚገባ አታውቅም።

ሽቶው ለጌጥ አይደለም። ባላቸው አቶ አካሉ፣ እንጦጦ ላይ በደን ጥበቃ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡት ሰው፣ የመርሳት በሽታ ይዟቸዋል። የሚስታቸውን ፊት ረስተዋል፤ ድምፃቸውንም ረስተዋል። ጠረናቸውን አልረሱም።

“ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም” ይላሉ ወይዘሮ የማርያምወርቅ፣ ብርጭቆውን ይዘው እየተመለሱ። “ሽቶው ካለቀብኝ ወዲህ አያስጠጋኝም። ላጎርሰው ስል ‘ማነሽ አንቺ? ሚስቴን የት አደረግሻት?’ ይለኛል። ጠዋት ጎረቤታችን በአምላክ መጥቶ የስኳሩን መርፌ ወጋው፤ ይበላል ብለን። ይኸው እምቢ አለ። ባለፈው እንዲህ ሆኖ ራሱን ስቶብኛል፣ ልጄ። ካልበላ ይወድቅብኛል።”

“ይበላሉ። አሁን ይበላሉ፣ እትዬ።”

ሀናን ፌስታሉን በሁለት እጇ ከፍ ታደርጋለች። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ብርጭቆውን ከሥር ይደቅናሉ። ሀናን ጠጋ ልትልላቸው ስትሞክር የብልቃጡ ስባሪ ፌስታሉን ይቀደዋል።

ሽቶው ደረቷ ላይ፣ ጭኗ ላይ ይፈሳል። ቀሚሷ ወዲያው ይመጥጠዋል።

“ወይኔ! ወይኔ፣ እትዬ!” የቀሚሷን ጫፍ ይዛ ብርጭቆው ላይ ትጨምቃለች፣ ጣቶቿ እስኪነጡ ትጨምቃለች። አንድም ጠብታ አይወጣም።

ወይዘሮ የማርያምወርቅ ብርጭቆውን አስቀምጠው ግድግዳውን ተደግፈው ይቆማሉ።

“ገደልሽብኝ” ይላሉ ቀስ ብለው።

የመኝታ ቤቱ በር ይከፈታል። አቶ አካሉ ጋቢያቸው ከትከሻቸው እየተንሸራተተ፣ ግንባራቸው በላብ ርሶ ይወጣሉ። እግራቸው ይብረከረካል። በሩ ላይ ቆመው አየሩን ይስባሉ።

“ወርቄ?”

ወይዘሮ የማርያምወርቅ አንድ እርምጃ ይራመዳሉ። አቶ አካሉ እንደማያውቁት ዕቃ አልፈዋቸው ወደ ሀናን ይመጡና አጠገቧ ሶፋው ላይ ይወድቃሉ። የቀኝ እጇን ይይዛሉ።

“የት ሄደሽ ነው? አንዲት ሴትዮ ቤቱን ይዛው ነበር እኮ።”

“አባባ፣ እኔ…”

ከግድግዳው በኩል ወይዘሮ የማርያምወርቅ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ድምፅ በሌለው ከንፈር “አቤት በይው” ይሏታል።

“አቤት” ትላለች ሀናን።

“ራበኝ እኮ።”

ሽሮው ከጓዳ በፍጥነት ይመጣል። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ሳህኑን ከሀናን ትከሻ በላይ አሳልፈው ይሰጧታል። “አታብዢው፣ ያንቀዋል” ይላሉ ጆሮዋ ሥር። “ቃሪያውን አውጪለት።”

አቶ አካሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጎርሳሉ፣ ያኝካሉ፣ ይውጣሉ። ደግሞ አፋቸውን ይከፍታሉ። የሀናን እንባ ሻሿ ጫፍ ላይ ይወርዳል፤ በግራ ክንዷ ትጠርገዋለች።

“እትዬ፣ ጓዳ ገብተን ቀሚሴን ይልበሱት” ትላለች በሹክሹክታ።

“ይብላ። መጀመሪያ ይብላ።”

የአቶ አካሉ ላብ ቀስ በቀስ ይደርቃል። ከዚያ ዓይናቸውን ይገልጡና ግድግዳው ሥር የቆመችውን ሴት ያያሉ።

“ወርቄ፣ ይህች ማን ናት?”

“እንግዳ ናት” ትላለች ሀናን፤ ከየት እንዳመጣችው አታውቅም።

“ታዲያ እንግዳ ታቆሚያለሽ? ምነው ምን ሆነሻል ዛሬ?” አቶ አካሉ ከሶፋው ትንሽ ብድግ ይላሉ፣ በአክብሮት። “ይቅረቡ እንጂ፣ እትዬ። ቤት ያፈራውን ይቅመሱ። ይቀመጡ።”

ወይዘሮ የማርያምወርቅ ይቀርባሉ። ሶፋው ጫፍ ላይ፣ እንደ እንግዳ፣ ጉልበታቸውን ገጥመው ይቀመጣሉ።

አቶ አካሉ በገዛ እጃቸው ይጠቀልላሉ፤ ሽሮው በጣታቸው መሐል ይንጠባጠባል።

“ኧረ እኔ በቅቶኛል” ይላሉ ወይዘሮ የማርያምወርቅ፣ እንግዳ እንደሚለው።

“በሞቴ!”

ጎንበስ ይላሉ። የባላቸውን እጅ በሁለት እጃቸው ደግፈው አፋቸውን ይከፍታሉ።