ሰፊው ባኬት

ታናሽየው ወንድም፣ ሻጩ በአሮጌዋ ትንሽ ትራክተራቸው ላይ ለሙከራ የገጠመውን ሰፊ የአፈር ማንሻ ባኬት በእግሩ መታ አደረገ። «ይሄን ነው የምንወስደው! በዚያች ማንኪያ አፈር ስንዝቅ ልንከርም ነው?» አለ፤ አጠገቡ መሬት ላይ የተቀመጠውን ጠባቡን ባኬት ለታላቅ ወንድሙ እየጠቆመ።

«ይሄ ሲሞላ የኋላ ጎማዋ ከመሬት ይነሳል አልኩህ!» አለ ታላቅየው።

«ታዲያ እንደ ድሮው አባዬን ከኋላ እናስቀምጣለና! ክብደት ይሆናታል።»

የታላቅየው ደም ፈላ። «እግዜር ይይልህ! አባትህ ድንጋይ ነው? ብትገለበጥስ?» ብሎ ሊያንቀው ሲንደረደር ከበስተኋላ ሳል ሰማ። ሽማግሌው አባታቸው ከዘራቸውን አስደግፈው፣ ከትራክተሯ ኋላ ብረቱ ላይ ወጥተው ተደላድለዋል።

«ሰፊውን ውሰዱ ልጆቼ» አሉ ፊታቸው በርቶ። «ለአንድ ነገር እንኳ ልጥቀም።»

ታላቅየው ከአባቱ ጋር መጣላት አልቻለም። መፍቻውን ከሻጩ እጅ ነጠቀና ጠባቡን ሊገጥም የሰፊውን ባኬት ብሎን እየተሳደበ ይፈታ ጀመር።