ቀዩ ክብ

ስሚኝ እታለም፣ እንዳትቆጪኝ። ደሜ እንደፈላ ነው የማወራሽ። ቀኝ እጄ አብጧል፣ ስልኩን የያዝኩት በግራዬ ነው።

ያ ባለመዶሻ አለ አይደል፣ እማዬ የነገረችሽ? ሰሞኑን ሰፈራችንን ሲዞር የከረመው? ዛሬ ልክ አስገባሁት!

ሰውየው የጡብ ቤቶቹን ብቻ እየመረጠ ግድግዳቸውን ይደባብሳል። በትንሽ መዶሻ ኳ ኳ ያደርግና ጆሮውን ይለጥፋል። የብሎኬትና የቆርቆሮ ቤት ዞር ብሎም አያይ። ገባሽ? ጡቡን ነዋ የፈለገው! የኛን አፍርሶ ለሀብታም አጥር ሊያደርገው!

የኛ ቤት ሲደርስ የመስኮቱን ቅስት አይቶ እንባው መጣ አለች እማዬ። "ልጄ፣ ሰውየው ክፉ አይመስለኝም" ትለኛለች። ውሃ ሰጥታዋለች! አያታችን ጭቃው ሳይደርቅ አውራ ጣቱን ያሳረፈበትን ጡብ ሳይቀር አሳይታዋለች! እማዬን ታውቂያት የለ፣ ሌባ ቢመጣ በሩን ይዛለት ትቆማለች።

ዛሬ ጠዋት ስወጣ በራችን አጠገብ ቀይ ቀለም ሲቀባ እጅ ከፍንጅ ያዝኩት። ክብ ምልክት። ላይኛው ሰፈር ምልክት ያረፈበት ቤት ሁሉ በማግስቱ አፈር ሆኗል። እዚያ ኤክስ ነበር፣ እዚህ ክብ፤ ለኔ ያው ነው።

"ምን እየሰራህ ነው?"

"ወንድሜ ተረጋጋ፣ ይሄ ምልክት እኮ..."

አላስጨረስኩትም። አፍንጫውን በቴስታ! መነጽሩ ለሁለት ተሰበረ፣ ደሙ ጡቡ ላይ ተረጨ። "ስማኝማ!" ሲል አፉን በቦክስ አልኩት፤ ጥርሱን ተፋ። ደሞ የሚገርምሽ፣ ፊቱን አልሸፈነም። ቀለሙ ላይ ተለጥፎ በጀርባው ከለለው! መንጭቄ ጣልኩትና በገዛ መዶሻው ጣቶቹን... እሺ፣ እሱን እንኳን ተይው። እማዬ ከውስጥ ትጮሃለች፣ ግን ማን ይመልሰኛል?

መንጋጋው ወልቋል መሰለኝ፣ ሰዎች ተሸክመው ሐኪም ቤት ሲወስዱት ያጉረመርማል እንጂ ቃል አይወጣውም። ይበለው!

ከዚያ እኔና ከፊታችን ያለው ፀጉር አስተካካይ የሽቦ ብሩሽ ይዘን ሰውየው በየጡብ ቤቱ የቀባውን ምልክት በሙሉ ፈገፈግነው። አንድ አልቀረም፣ አንድ! ጎረቤቱ አጨበጨበልኝ። እማዬ ብቻ በሩን ከውስጥ ቆልፋ አላናግርህም ብላለች። እሷን ደውለሽ አረጋጊልኝ። ቤቷን አተረፍኩላት እንጂ ምን በደልኳት?

ቆይ... ይሄ ድምፅ ይሰማሻል? እስካቫተር ነው። ወደኛ ነው የሚመጣው። ቆይ፣ አልዘጋውም፣ ስሚ።

"አንተ ሹፌር! አቁም! እናቴ ውስጥ ነች! የማንን ቤት ልታፈርስ ነው?"

"ሁሉንም ነዋ ወንድሜ። ቀይ ክብ ያለበትን ብቻ እንዳትነካ ተብያለሁ፤ እስቲ አንድ አሳየኝ።"