የኋላ ቀዛፊዋ

«ውረጂ፣ ቱልፔ።» አሎኮአ የታንኳዋን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨብጦ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ቆሟል። «በእናትሽ፣ ሰው ፊት አታስለምኚኝ።»

ቱልፔ ከኋላው መቀመጫ አልተነቃነቀችም። የኡትዌ መንደር ሴቶች ለነጻነት ቀን ውድድር መቅዘፍ ከጀመሩ ወዲህ ታንኳዋን የምትመራው እሷ ናት። ከፊቷ የተቀመጡት ሴቶች አንገታቸውን ደፍተው መቅዘፊያቸውን ጨበጡ። ባሕሩ ዳር የቆመው ሕዝብ ግን ያሾፍ ጀመር።

«ለእሷማ መርከብ ነው የሚያስፈልጋት!» ብሎ አንዱ ሲጮህ ሳቁ ወደቡን አናጋው።

አሎኮአ የአክስቷ ልጅ ነው። ዘንድሮ ውድድሩን የሚደግፈው የጤና ዘመቻ ኃላፊ ሆኗል፤ ከተወሰነ ኪሎ በላይ የሆነች ሴት አትቀዝፍም የሚለውን ደንብ ያወጣውም እሱ ነው።

«ምን በድዬ ነው የምወርደው?»

«አልበደልሽም። ተመራማሪዎቹ ያሉትን ሰምተሻል፤ እዚህ ኮስራዬ ደሴት ላይ ውፍረትም እንደ ቁመት በዘር ይወርዳል ብለዋል። ጥፋቱ የደምሽ ነው እንጂ ያንቺ አይደለም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኖትዌ ትተካሽ። እሷ ቀጭን ናት።»

ኖትዌ ታናሽ እህቷ ናት። ከአንድ ማሕፀን ወጥተው፣ ከአንድ ድስት ጎደሬ በልተው ነው ያደጉት፤ አንዷ እንደ ዳቦ ፍሬ ዛፍ ግንድ ስትደነድን ሌላዋ ሸምበቆ ሆና ቀረች። አሁንም አሸዋው ላይ ተዘርፍጣ ሩዝ በዓሣ ትጎርሳለች።

«እኔ?» አለች ጉንጯ እንደሞላ። «እኔ እኮ መብላት እንጂ መቅዘፍ አልችልበትም! የእትዬን እጥፍ ነው የምበላው፤ አንድ ቀን ሚዛን ላይ ውጪ ያለኝ ሰው ግን የለም።»

ሕዝቡ እንደገና ሳቀ። አሁን የሚሳቅበት አሎኮአ ነበር።

ቱልፔ አልሳቀችም። «ስማኝ» አለችው። «አምና ትበያለሽ፣ አፍሽን ዝጊ አላችሁኝ፤ ዘጋሁ። ሠርግ ቤት እንኳ ሳህኔን ደብቄ ነው የበላሁት። ዘንድሮ ደግሞ ደምሽ ነው ትሉኛላችሁ። አፌን ከሰሳችሁ፣ ደሜን ከሰሳችሁ፤ ክንዴን የጠየቀው ማን ነው?»

አሎኮአ ዓይኑን ከዓይኗ አሸሸ። «ደንብ ነው፣ ቱልፔ።»

«ደንብህን ያዝ፤ ታንኳዬን ልቀቅ።»

አልለቀቀም።

«ሴቶች!» አለች።

መቅዘፊያዎቹ በአንድ ጊዜ ውኃ ገቡ። አሎኮአ ተጎተተ፤ ሸሚዙ ራሰ፣ ውኃው ደረቱ ደረሰ፣ ከዚያ ጣቶቹ ተከፈቱ። ከኋላ ማን እንደሚጮህ፣ ማን እንደሚያጨበጭብ ቱልፔ ዞራ አላየችም። ሌሎቹ ታንኳዎች መነሻው ላይ ተሰልፈዋል። መቅዘፊያዋን በጥልቀት ሰድዳ ወደ ጎን ገፋች፤ ክብደቷ ያረፈበት የታንኳዋ ጅራት ዞረ፤ ታንኳዋም ባሕሩን እየሰነጠቀች፣ ባዶ ወደቀረው የኡትዌ ቦታ ቀጥ ብላ ገባች።